ሁለቱ 1922ዎች፦ የስፖርት በረራ አጀማመር ያስነሣው ክርክር

በኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ያመጣብኝንም እኔው ብተርከው ይሻላል። ጎንደር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበቡን በትርፍ ጊዜዬ አግዛለሁ። ባለፈው ዓመት ልጆቹ ከቀርከሃ ስንጥቅና ከስስ ፕላስቲክ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ክንድ የሚሆን፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ሠሩ። ፈረንጆቹ ግላይደር ይሉታል፤ እኛም እንዲያው ብለን ቀጠልን። ከሜዳው ዳር ካለች ጉብታ ላይ ሲወረውሩት አፍንጫውን ቀና ያደርግና ለአፍታ ይቆማል፤ ከዚያ እንደ ሰከረ ሰው በጎኑ ይወድቃል። ልጆቹ ክንፉን ቀን ቀን ይጠግናሉ፣ እኔ ደግሞ ማታ ማታ አነባለሁ። ሳነብ ያገኘሁት ነገር ቢያስደንቀኝ ነው መድረኩ ላይ የለጠፍሁት።

የመነሻው ጽሑፍ ባጭሩ ይህን ይል ነበር። የስፖርት በረራ፣ ማለትም ለጦርነትም ለንግድም ሳይሆን ለመብረር ሲባል ብቻ በማኅበር የሚደረግ በረራ፣ የተደራጀው በጀርመን ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሸናፊዎቹ አገሮች በቬርሳይ ውል ጀርመንን አውሮፕላን እንዳትሠራ ከለከሏት። ኦስካር ኡርሲኑስ የተባለ መሐንዲስና የበረራ መጽሔት አዘጋጅ ግን ሞተር የሌለውን የከለከለ የለም ብሎ ወጣቶችን ቫሰርኩፐ ወደሚባል ተራራ ጠራ፤ በ1920 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። በ1922 የሃኖቨር ተማሪዎች ያወጡት ቫምፒር የተባለ ግላይደር ያለ ሞተር ከሦስት ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ ቆየ። ከዚህ ቀጥዬ፣ በዚያው በ1922 የእኛ የበጌምድር ሰው አውሮፕላን የሚባለውን ያየው አንቺም ላይ፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሳ ወሌ ከመንግሥት ጦር ጋር በተዋጉበት ጊዜ፣ ወረቀትና ቦምብ ሲጥል ነበር አልሁ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሰማይ ሥር፣ ለአንዱ ጨዋታ ለሌላው መቅሰፍት። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠይቄ ዘጋሁ። ከጻፍሁት ሁሉ የወደድሁት ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፤ የተሳሳተውም ይኸው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ምላሾች ለስላሳ ነበሩ። 1ኛው ልጆቹን መረቀና ፎቶ ጠየቀ። 2ኛው የስፖርት በረራ የሚባለው ሰው የሚሳፈርበት ነው ወይስ እንደ ልጆቹ ያለ መጫወቻም ይጨምራል አለ። 3ኛው ድሮን ቢቆጠር ኖሮ የወንድሙ ልጅ ሠርግ ሲቀርጽ የጎንደርን ክብረ ወሰን ይይዝ ነበር ብሎ አሳቀን።

4ኛው ምላሽ ግን ቢላ ነበር፤ ያውም በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ። የታሪክ መምህርት መሆናቸውን የገለጹ ሴት ናቸው። በቅድሚያ ለልጆቹ መልካም ሥራ አመስግነው፣ ከዚያ የዘመን አቆጣጠሩን እንድመለከት በትሕትና ጠየቁ። የአንቺም ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መጋቢት መጨረሻ 1930 ማለት ነው። ቫምፒር የበረረው ደግሞ በፈረንጆቹ 1922 ነሐሴ ወር ላይ ስለሆነ በእኛ 1914 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ 1922ዎች በስም እንጂ በዘመን አይገናኙም፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ተኩል አለ። ቫምፒር ሲበርር ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም አውሮፕላን አልነበረም፤ የመጀመሪያው፣ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። መምህርቷ ይህን ሁሉ ጽፈው ሲያበቁ ሐሳቡ ጥሩ ነበር ብለው ጨመሩ። ያ ነበር የጠለቀብኝ።

5ኛው መምህርቷን የመሰለ ትዕግሥት አልነበረውም። የዘመን መቁጠሪያ መለየት ያቃተው ሰው ልጆችን ሰማይ ሊያወጣ እንዴት ተነሣ አለ፤ በአንተ ነው የጻፈው። 6ኛው ደግሞ የእኔን ጥፋት ተወና አንቱታውን ያዘ፦ ትልቅ ሰው ለሚሆን መምህር እንዲህ አይባልም፣ ያሳደገህ የጎንደር ሰው ከሆነ ይፈርበታል አለው። 5ኛው ተመልሶ፣ በ7ኛው ምላሽ፣ እዚህ መድረክ ላይ ሽበት አይታይም፣ የሚታየው ስሕተት ብቻ ነው አለ። ልናደድ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ክርክር ላይ ቢገኝ ይሻላል። በ8ኛው ምላሽ ስሕተቴን አምኜ የመነሻውን ጽሑፍ ሳላጠፋ ከሥሩ እርማት አስገባሁ።

ከዚያ የፈረንሳይ ወገን መጣ። 9ኛው ምላሽ ረዥም ነው፤ ጸሐፊው በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን አይቀርም የጻፈው። የተደራጀ የስፖርት በረራ በጀርመን ተጀመረ ማለት ታሪክን በአንገቱ መያዝ ነው አለ። የፈረንሳይ የበረራ ክበብ የተቋቋመው በ1898 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ድረስ የዓለም የበረራ ክብረ ወሰኖችን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በፈረንሳይኛ ምኅጻሩ ኤፍ.ኤ.ኢ.፣ በጥቅምት 1905 ፓሪስ ላይ በስምንት አገሮች ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት 16 ፊኛዎች ከፓሪስ ተነሥተው ርቆ የሚሄደው ማን እንደሆነ ተወዳደሩ፤ አሜሪካዊው ፍራንክ ላም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ውስጥ 647 ኪሎ ሜትር ላይ አረፈና አሸነፈ። በነሐሴ 1909 ደግሞ በሬምስ ከተማ ለስምንት ቀናት የአውሮፕላን ውድድር ተካሄደ፤ ሄንሪ ፋርማን 180 ኪሎ ሜትር በመብረር የርቀቱን፣ ሁበርት ላታም 155 ሜትር ከፍታ በመድረስ የከፍታውን፣ ግሌን ከርቲስ የፍጥነቱን ሽልማት ወሰዱ። 155 ሜትር ሲባል የጎንደር ልጅ ይስቃል፤ ጎሃ ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ያየ ሰው ከዚያ በላይ ያየ ይመስለዋልና።

በ10ኛው ምላሽ ግማሹን ተቀበልሁ። መጀመሪያ ማን ነበር ከተባለ ፈረንሳይ ነው፤ መካድ አይቻልም። የእኔ ነገር ግን ሌላ ነው። ሬምስ ላይ የተደረገው የፈረስ ግልቢያን ይመስላል፦ ጥቂት ሀብታሞችና ጥቂት ደፋሮች ይወዳደራሉ፣ ሕዝቡ ተቀምጦ ያያል፣ ሽልማት ይታደላል። ቫሰርኩፐ ላይ ግን የሚያየውና የሚበርረው አንድ ሰው ነው። ዛሬ ገመድ ይጎትታል፣ ነገ ይበርራል። ለትምህርት ቤታችን ልጆች የሚሆነው ታሪክ ይህ ነው ብዬ ጻፍሁ።

እዚህ ላይ ክሩ ከመንገድ ወጣ። 11ኛው ምላሽ የአዘዞ ሰው ነው። ስለ ጀርመንም ስለ ፈረንሳይም ግድ አልሰጠውም፤ አያቱ ከጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ የተሠራ ጭልፋ እንደነበራቸው፣ ሽሮ ሲቆላም ወጥ ሲሠራም ከእጃቸው እንደማይለይ፣ እጀታው ላይ የሚስማር ቀዳዳዎቹ በተርታ ይታዩ እንደነበር ጻፈ። ጣሊያን በኅዳር 1941 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የምሥራቅ አፍሪካው የመጨረሻ ምሽጉ ነበርና በአዘዞ ሜዳ የቀረው ብረት ብዙ ነበር አለ። 12ኛው ይህን አላመነም። መጨረሻ ላይ በጎንደር ሰማይ የቀረው ፊያት ሲ.አር. 42 የተባለው የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላን ነው፤ የዚያ ክንፍና የኋላ አካሉ በጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ ከጨርቅ ጭልፋ አይወጣም አለ። የአዘዞው ሰው በ13ኛው ተመለሰ። የፊት ለፊቱ ብረት ለበስ እንደሆነ አጣርቶ መጥቷል፤ የአያቴ ጭልፋ የወጣው ከፊቱ ነው አለና ጉዳዩን ዘጋ። እኔ ጭልፋውን አምኛለሁ።

14ኛው አይሮፕላን ነው የሚባለው ወይስ አውሮፕላን ብሎ ገባ። ከ15 እስከ 17 ያሉት ምላሾች በዚህ አለቁ። አንዱ አሮጌ ጋዜጣ አይሮፕላን ይላል አለ፣ አንዱ ቃሉ ፈረንጅ ስለሆነ እንደፈለግን እንጽፈዋለን አለ፣ ሦስተኛው ሰማይ ላይ እስካለ ድረስ ስሙ አይጎዳውም አለ።

ወደ ነገሩ የመለሰን 18ኛው ነው፤ ከሁሉም ምላሾች ብዙ ያስተማረኝም እሱ ነው። የቬርሳይ ውል ግላይደርን ወለደ የሚለው ተረት ግማሽ እውነት መሆኑን አሳየ። ቫሰርኩፐ ላይ መጀመሪያ የበረሩት ጦርነቱ ሳይታሰብ፣ በ1911 እ.ኤ.አ.፣ ከዳርምሽታት ከተማ የመጡ ወጣቶች ናቸው። ገና ተማሪ ሳሉ ማኅበር አቋቁመው፣ ክንፍ እየሠሩና እየሰበሩ፣ በዕረፍት ጊዜያቸው ተራራው ላይ ይከርሙ ነበር። ከእነሱ መካከል ሃንስ ጉተርሙት በ1912 አንድ ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አየር ላይ ቆይቶ 838 ሜትር ሄደ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ አልተመለሱም። በ1923 በጦርነቱ ለሞቱት በራሪዎች በተራራው ላይ ሐውልት ቆመ፤ በጥቁር ድንጋይ ክምር ላይ የተቀመጠ የነሐስ ንስር ነው። ውሉ ያደረገው፣ ይላል 18ኛው፣ ሌላውን በር በመዝጋት የተረሳውን በር እንዲከፍቱ ማስገደድ ነው። የአውሮፕላን ሥራ መጀመሪያ ለስድስት ወር ታገደ፣ ከዚያ እገዳው እስከ 1922 ተራዘመ፣ ከዚያ በኋላም እስከ 1926 ድረስ የአውሮፕላን አቅም በልክ ተወሰነ። ሥራ የፈቱ መሐንዲሶችና ከጦር የተመለሱ አብራሪዎች ጉልበታቸውን ሁሉ ወደዚያ ኮረብታ አፈሰሱ።

19ኛው በዚህ ላይ ጨምሮ የ1920ውን ውድድር ተረከ፤ አሳዛኝ ነው። ኡርሲኑስ የጠራቸው ወጣቶች በባቡር፣ በጋሪና በእግር መጡ፤ ድንኳን ውስጥ አደሩ። የፍራንክፈርት ነጋዴ ካርል ኮትሰንበርግ ገንዘብ ስለረዳ ነው ነገሩ የቆመው፤ ስለዚህ የሀብታም እጅ የለበትም አትበል ሲል እኔንም ነካ አደረገኝ። ኦይገን ፎን ሎስል የተባለው ተወዳዳሪ ነሐሴ ላይ ከአየር ወድቆ ሞተ። ሰዉ ሊበተን ሲል ከአኸን ከተማ የመጣው ቮልፍጋንግ ክሌምፐረር ጥቁር ሰይጣን የሚል ስም ያወጡለትን ግላይደር ይዞ ዘግይቶ ደረሰና 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ በርሮ 1,830 ሜትር ሄደ። ጉባኤው ዳነ። ከሁለት ዓመት በኋላ አርተር ማርተንስ በቫምፒር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ፤ በዚያው ሳምንት ሄንትሰን የተባለው ሌላ አብራሪ በዚያችው ግላይደር ሦስት ሰዓትን አለፈ። ከሁለት ደቂቃ ወደ ሦስት ሰዓት፣ በሁለት ዓመት። ነፋስ ገደሉን ገጭቶ ወደ ላይ ሲታጠፍ በዚያ መስመር ላይ መመላለስን ስለተማሩ ነው።

20ኛውን ምላሽ የጻፈው የጎንደር ተወላጅ ነው፤ ጀርመን ለትምህርት ሄዶ እዚያው በመሐንዲስነት ቀርቷል። አንድ ክበብ በበዓል ቀን ግላይደርን እንደ ድሮው በላስቲክ ገመድ ሲያስነሣ፣ ሰው ጎደለና እሱን ከተመልካች መካከል ጠሩት። የጻፈውን እንዳለ ልተርከው፣ ክሩ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለምና። ወፍራም የላስቲክ ገመድ መሐሉ ላይ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ከግላይደሩ አፍንጫ ሥር ካለች ክፍት መንጠቆ ላይ ይሰካል። ገመዱ ወደ ቁልቁለቱ እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ጎን አምስት ሰው፣ በሌላው ጎን አምስት ሰው ይይዘዋል። ሁለት ሰዎች ከኋላ ጅራቱን ይዘው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። አንዱ ክንፉን በእጁ ቀና አድርጎ ይደግፋል። ትእዛዝ ሲሰጥ ገመድ ያዦቹ መጀመሪያ ይራመዳሉ፤ ላስቲኩ እየቀጠነ፣ እየከበደ፣ መዳፍን እየላጠ ይለጠጣል። ሁለተኛው ትእዛዝ ሲመጣ ቁልቁል ይሮጣሉ። ሦስተኛው ሲመጣ ጅራት የያዙት ይለቁታል። በዚያች ቅጽበት የሚጎትቱት ነገር ክብደቱ ድንገት ይጠፋል፤ ብዙዎቹ በግንባራቸው ይደፋሉ። ቀና ሲሉ ጥላ ከላያቸው ያልፋል፣ ቀለበቱ በራሱ ክብደት ከመንጠቆው ወልቆ ሣር ላይ ይወድቃል። ድምፅ የለም፤ ነፋስ ሽቦ ሲነካ የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው። አብራሪው ግማሽ ደቂቃ ይበርርና ታች ሜዳ ላይ ያርፋል። ያንን ለማምጣት አሥራ ሦስቱም ይወርዳሉ፣ ግላይደሩን እየገፉ ሽቅብ ግማሽ ሰዓት ይወጣሉ፤ ከዚያ ሌላው ተራው ይደርሰዋል። መሐንዲሱ ያን ቀን አልበረረም፤ አምስት ጊዜ ጎትቶ ማታ ላይ እጁ እንጀራ መቁረስ አቅቶት ነበር። ይህ ወንፈል ነው ብሎ ዘጋው።

ይህን ሳነብ ለልጆቹ ልነግራቸው የምፈልገውን ነገር ሌላ ሰው ቀድሞ እንደተናገረው ገባኝ። እኔ ስለ ሦስቱ ሰዓት ስጽፍ የከረምሁት ስለ አንዱ አብራሪ ነበር፤ ያ አብራሪ ግን አሥራ ሦስት ሰው ባይለፋለት ኖሮ ከሣሩ አይነሣም ነበር። ስለ ማኅበሩ እንጂ ስለ ክንፉ መጻፍ አልነበረብኝም።

21ኛው ወዲያው ለእርማት ተነሣ። ከደምቢያ ገበሬ ቤት የወጣ ነኝ አለና፣ ሰዎች ደቦንና ወንፈልን ሲያምታቱ እንደሚያናድደው ጻፈ። ደቦ ማለት ባለ ማሳው ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ጎረቤቱን ጠርቶ ሥራውን የሚያሠራበት ነው፤ ወንፈል ግን ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ ነው፣ ቀን በቀን ይመለሳል፣ ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው አጨዳ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ቃሉን በትክክል ነው የመረጠው፤ ሊያመሰግነው ነበር የመጣው። እርማት መስሎ የመጣ ምስጋና ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

22ኛው ስለ ግላይደር አብራሪዎቹ የደረጃ ምልክቶች ጻፈ፦ በሰማያዊ ክብ ላይ ነጭ የባሕር ወፍ፤ ለጀማሪው አንድ፣ ለሁለተኛው ደረጃ ሁለት፣ ለሦስተኛው ሦስት። ሦስቱን ለማግኘት ከተነሡበት ከፍታ በላይ አምስት ደቂቃ መቆየት ያስፈልግ ነበር። 23ኛው ከወፍ ወደ ወፍ ተሻገረና ከሁሉ በፊት የነበረውን ኦቶ ሊሊየንታልን አነሣ። በ1890ዎቹ ወደ 2,000 ጊዜ ያህል የበረረ፣ በበርሊን አጠገብ ለመለማመጃ የሚሆን ጉብታ ያስቆለለ፣ በነሐሴ 1896 ወድቆ በማግሥቱ የሞተ ሰው ነው። ክንፍን ያጠናው ከሽመላ ነው፤ ያ ነጭ ሽመላ ደግሞ የአውሮፓን ክረምት ሽሽት ወደ አፍሪካ ሲወርድ በእኛ ሰማይ ከሚያልፉት አንዱ ነው። ይህን የጻፈው ሰው የደምቢያን ሜዳ በመኸር ያየ ይመስለኛል።

24ኛው ላይ የቆየው 5ኛው ሰው ተመልሶ መጣ፣ አሁንም በአንተ። ቫሰርኩፐ ቫሰርኩፐ ትላለህ፣ ጫፉ 950 ሜትር ነው፤ ፒያሳ ቆሜ ከሁለት እጥፍ በላይ ከፍ እላለሁ፣ እኛ ጋ ተራራ ሞልቶ ለምን ኮረብታ ታሳየናለህ አለ። 25ኛው፣ በሙያው የአየር ጠባይ ባለሙያ ነኝ የሚል፣ ከፍታው ጥቅምም ጉዳትም እንዳለው በእርጋታ አስረዳ። ጎንደር ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 10 በመቶ ያህል በፍጥነት መሄድ አለበት። የልጆቹ ግላይደር አፍንጫውን አንሥቶ የሚወድቀውም ምናልባት ፍጥነት ስላነሰው ነው፤ አፍንጫው ላይ ክብደት ጨምሩ አለ። በሌላ በኩል፣ በቀትር ጎሃ አፋፍ ላይ ቆሞ ጥንብ አንሳዎቹን ያየ ሰው ምን ዓይነት አየር እንዳለን ያውቃል፤ ክንፋቸውን አንድ ጊዜ ሳያራግቡ እየዞሩ ነጥብ እስኪያህሉ ይወጣሉ። አፍንጫው ላይ ሁለት የባትሪ ድንጋይ አሰርንበት። 26 ሜትር ሄደ። በክር ለክተነዋል።

ከዚያ 26ኛው መጣና ድምፁ ተለወጠ። ይህን ሁሉ ውዳሴ ስታወሩ አንድ ነገር ረስታችኋል አለ። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ የበረራ ክበቦቹን ሁሉ በአንድ የመንግሥት ማኅበር ሥር ጠቀለሏቸው፤ አይሁዳውያኑን አባረሩ፤ በየኮረብታው ገመድ ሲጎትቱ የነበሩት ወጣቶች በ1935 በይፋ ለታወጀው የጦር አየር ኃይል የተዘጋጁ ሆነው ተገኙ። የወንፈሉ አዝመራ ይህ ነው። 27ኛው ክበቡን በኋላ በደረሰው ነገር መፍረድ ፍርድ አይደለም አለ። 28ኛው ደግሞ ስድብ ጨመረበት፤ እሱን አልደግመውም። 29ኛው ላይ መምህርቷ ገብተው አበረዱት፤ ያበረዱት በምክር ሳይሆን በታሪክ ነው። ሮበርት ክሮንፌልድ የሚባል ኦስትሪያዊ በግንቦት 1929 እ.ኤ.አ. በግላይደር 100 ኪሎ ሜትር በመብረር የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አይሁዳዊ ነበርና ናዚዎች ሲመጡ ጀርመን ውስጥ መብረር ተከለከለ፤ እንግሊዝ ገባ፤ በ1948 አዲስ ግላይደር ሲሞክር ወድቆ ሞተ። መምህርቷ ሌላም ነገር ጠቁመውኛል። ዓመታቱን ማነጻጸር ከፈለጉ፣ አሉ፣ ከአንቺም ጋር መቆም ያለበት ይህ ነው፤ የክሮንፌልድ በረራና የአንቺም ጦርነት አንድ ዓመት እንኳ አይራራቁም። በ4ኛው ምላሽ የነጠቁኝን ዓረፍተ ነገር በ29ኛው መለሱልኝ፤ ያውም ከበፊቱ በርትቶ።

በ26ኛው ላይ የእኔ ፍርድ፣ ልክ ነው የሚል ነው። ገመዱን የሚጎትት እጅ የት እንደሚያደርስ አስቀድሞ አያውቅም፤ ሰውየው ይህን ማስታወሱ አስፈላጊ ነበር፣ ደስ ባይለኝም።

30ኛውን የጻፉት የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አልተናገሩም፣ አማርኛቸው ግን ይናገራል። አያታቸው ከራስ ጉግሳ ወሌ ጋር የዘመቱ ናቸው። ከጦርነቱ በፊት አውሮፕላኑ ሲመጣ ሰዉ መጀመሪያ በድምፁ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ከሰማይ ነጭ ነገር ሲዘንብ ዝም አለ። ወረቀት ነበር። ራስን የሚከተል ሁሉ የተወገዘ ነው ይላል። ማንበብ የማይችሉት አንሥተው ወደ ሚያነብላቸው ሰው ሮጡ፤ የተነበበላቸው ደግሞ እጃቸውን በጭቃ አሹት። አንዳንዱ ወረቀቱን መጣልም መያዝም ፈርቶ ድንጋይ ጫነበት። አያታቸው ከጦርነቱ ተርፈው ተመለሱ፤ ራስ ጉግሳ አልተመለሱም። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ በራሪ ነገር በሰማይ ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም ነበር፤ ልጆቹ አውሮፕላን አውሮፕላን እያሉ ሲሮጡ እሳቸው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው 31ኛዋ ናት፤ እስካሁን የተነሡት በራሪዎች ሁሉ ወንዶች ናቸው ብላ። ጀርመን ውስጥ ሜሊ ቤዘ በመስከረም 1911 እ.ኤ.አ.፣ ልክ በ25ኛ ልደቷ ቀን፣ የመጀመሪያዋ ባለ ፈቃድ ሴት አብራሪ መሆኗን፣ እኛም ከጣሊያን ወረራ በፊት የበረራ ትምህርት የጀመሩትን ሙሉመቤት እምሩን እንዳንረሳ አሳሰበች። የሳይንስ ክበባችን ውስጥ ስንት ሴት ልጆች እንዳሉም ጠየቀች። አራት ናቸው አልኋት፤ ክንፉን የምትለካው አንዷ ናት። አራት ከስንት አለች። አልመለስሁም፣ ቁጥሩ አያኮራምና።

32ኛው የጀርመንን ታሪክ ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ከአንቺም ሌላ መንገድ አለ አለ። ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀላል አውሮፕላን ሠርቷል፤ በልዕልት ፀሐይ ስም ፀሐይ ተብላለች። ጣሊያን ወስዷት ለዓሥርተ ዓመታት በሙዚየሙ አቁሟት ቆይቶ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. መለሳት። ከጦርነት ውጭ፣ ለመብረር ሲባል ልትበርር የምትችል አገራዊ አውሮፕላን ነበረችን፤ ጊዜ አላገኘችም እንጂ አለ። 33ኛው፣ ያችን የሠሯት እጆች ስም ለምን አልተጻፈም ብሎ በቁጣ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቁጣውም።

ከዚህ በኋላ ያሉት አጫጭር ናቸው። 34ኛው የላስቲክ ገመድ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ሊሠራ ይችላል ወይ አለ። 35ኛው፣ የጭልፋው የአዘዞ ሰው፣ ጎማ ቤት ያለው ዘመድ አለኝ፣ ስድስት ከመነዳሪ በነፃ አመጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ነገር ግን አዘዞ የአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ስለሆነ እዚያ አካባቢ ምንም ነገር እንዳናስነሣ፣ ከከተማው በሌላ በኩል ሜዳ እንድንፈልግ አጥብቆ አስጠነቀቀ። 36ኛው ግላይደሩ ሰው የማይሸከም ከሆነ አሥር ጎታች ለምን ያስፈልገዋል፣ ሁለት ልጅ ይበቃዋል አለ። ልክ ነው፤ እኛ ግን አሥር እናደርገዋለን፣ ልጆቹ ሁሉም መጎተት ይፈልጋሉ።

በ37ኛው ምላሽ የምንሰበሰብበትን ቀን ጻፍሁና መምጣት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ አልሁ። 38ኛውና እስካሁን የመጨረሻው የዚያ የ5ኛው ሰው ነው፤ በዚህኛው በእርስዎ ጽፏል። ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀኝ።